የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ሆድ ይፍጀው» ስላሉ ወንዶች የመጡ ሦስት ደብዳቤዎች

ባለፈው እትም ስለ እንቅልፍ ማጣት ከጻፍን ወዲህ ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ወደ አንድ ጉዳይ ያመራሉ፤ በጦርነቱ ጊዜ ያዩትና የደረሰባቸው ነገር ዛሬም አልለቃቸው ስላለ ወንዶችና ለእነርሱ ስለሚሰጠው የቡድን ሕክምና። ሦስቱን መርጠን መልስ ሰጥተናል። የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊያስታውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችን አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 43 ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል አይሱዙ እነዳለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ከተማችን በገባ ጊዜ ቁስለኛም ሬሳም ጭኛለሁ፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ዛሬም ጎማ ሲፈነዳ ወይም በር በኃይል ሲዘጋ ራሴን መሬት ላይ ተኝቼ አገኘዋለሁ። ለጨጓራና ለራስ ምታት ስመላለስ የቆየሁበት ሐኪም ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል መራኝ፤ እዚያም እንደ እኔ ከሆኑ ሰባት ወንዶች ጋር በሳምንት አንድ ቀን እየተገናኘሁ በቡድን እንድታከም ተነገረኝ። ፒያሳ ላይ ያስነጠሰን ሰው ሰኞ ገበያ ሆነው ‹ይማርህ› በሚሉበት ከተማ ገመናዬን ለሰባት ሰው ዘርግቼ እንዴት እኖራለሁ? የሌላውን መከራ መስማትስ የራሴን አይቀሰቅስብኝም? ለብቻዬ ብታከም አይሻልም?» ሹፌሩ፣ ከደሴ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እሱን ሳልሸፋፍን ከመለስኩ የቀረውንም ያምኑኛል። ለብቻ የሚሰጥ ሕክምና ከቡድኑ በመጠኑ የተሻለ ውጤት ሊያስገኝ ይችላል። በአሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ባለ አንድ የጦር ሰፈር 268 ወታደሮች በዕጣ ተከፍለው፣ አንዱን የሕክምና ዓይነት ከፊሎቹ ለብቻቸው፣ ከፊሎቹ በቡድን ሆነው እንዲወስዱ ተደርጎ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት በሁለቱም ወገን ያሉት ተሽሏቸዋል፤ ለብቻ የታከሙት ግን ይበልጥ ተሽሏቸዋል፤ በሁለቱም በኩል ሕመሙ ያልለቀቃቸው ጥቂት አልነበሩም። ስለዚህ ቡድኑን ፍቱን መድኃኒት አድርጎ የሚያወራልዎት ሰው ቢገጥምዎ ልብ አይበሉት። ለብቻ የመታከም ዕድል ካለ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ነገር ግን ያንን ወረፋ ሲጠብቁ ዓመት እንዳያልፍዎ እሰጋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ግጭት በደረሰባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች በማናቸውም ጊዜ ከአምስቱ አንዱ ገደማ አንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር ይኖርበታል፤ ይህን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ የሚያስተናግድ ባለሙያ በየትኛውም የአገራችን ከተማ የለም።

ይሁንና ቡድኑን የባለሙያ እጥረት የወለደው ማካካሻ ብቻ አድርገው አይዩት። እኔ በጠረጴዛ ማዶ ተቀምጬ «ይህ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል» ብልዎ በልብዎ «ይህ ምን ያውቅና ነው» ማለትዎ አይቀርም፤ እውነትዎንም ነው። ያው ቃል እንደ እርስዎ ቁስለኛ ሲያመላልስ ከከረመ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ክብደት አለው። ባለታሪኮቹ ፈቅደውልኝ፣ መለያ የሚሆነውን ቀይሬ አንድ ነገር ላጫውትዎ። በአንድ ቡድን ውስጥ ሻይ ሲቀርብ ብርጭቆውን መልሶ በሚያስቀምጥበት ጊዜ ሁሉ ትንሿን ጣቱን ከሥሩ የሚያስገባ ሰው ነበር፤ ብርጭቆው ከሳህኑ ጋር ተጋጭቶ ድምፅ እንዳያወጣ መሆኑ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ስለ ነገሩ አልተነፈሰም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በአራተኛው ሳምንት ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ሰውዬ ወደ ብርጭቆው እያየ፣ «እኔ ደግሞ ስኳር ትቻለሁ፤ ማንኪያ ሲማሰል አልችልም» አለ። ሌላው፣ «እኔ ቤቴ የብረት ድስት ክዳን የለም» ሲል ተከተለ። ከዚያ ሳቅ ሆነ። እነዚያ ሰዎች ሚስቶቻቸው እንኳ የማያውቁትን ነገር በሳቅ የተናገሩት፣ ስለ ጦርነቱ አንዲት ቃል ሳያነሡ ነው። በጠረጴዛ ማዶ ሆኜ ይህን በምን ብልሃት ላመጣው እችል ነበር?

የቡድን ጉዳይ ከወታደሮች ጋር ያለው ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ አሜሪካውያን በ1970 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ እርስ በርሳቸው እየተሰበሰቡ መነጋገር ሲጀምሩ ሕመማቸው በሐኪሞች መዝገብ ዛሬ የሚታወቅበት ስም አልነበረውም፤ ስሙ (ፒቲኤስዲ፣ ማለትም ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚከተል የጭንቀት ሕመም) የተመዘገበው ከ10 ዓመት በኋላ በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሞቹ ወደ ስብሰባው የገቡት በወታደሮቹ ተጋብዘው ነበር።

ወደ ፍርሃትዎ ልምጣ። የሌላው መከራ የእርስዎን ሊቀሰቅስ መቻሉ እውነት ነው፤ በሥርዓት የሚመራ ቡድን ከታሪክ የማይጀምረውም ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ቁጣ፣ ሰውነት ሲደነብር እንዴት እንደሚረጋጋ፣ ትንፋሽን ከማስገባት ይልቅ በማስወጣት ላይ ስለ ማርዘም የሚሠራባቸው ናቸው። አንዳንድ ቡድኖች ከነጭራሹ ወደ ታሪኩ አይገቡም። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት 198 ወንድ የቀድሞ ወታደሮች ሁለት ዓይነት ቡድን ተመድበው ነበር፤ አንደኛው ያለፈውን ክስተት በቀጥታ የሚጋፈጥ፣ ሁለተኛው ስለ ዛሬ ኑሮና ስለ ዛሬ ችግር ብቻ የሚነጋገር። ሁለቱም ረድተዋል፤ በመካከላቸውም ጉልህ ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ለመዳን የግድ ሬሳውን እንደገና መጫን የለብዎትም። አወያዩ በመጀመሪያው ቀን «እያንዳንዳችሁ የደረሰባችሁን ተናገሩ» ቢል ግን ሥራውን የማያውቅ ነውና ተነሥተው ቢወጡ አልፈርድብዎትም።

የወሬው ስጋት ከሁሉ የከበደው ነው። ደሴን አውቃታለሁና «አይወጣም» ብዬ አልደልልዎትም። ሕክምና የሚሰጠው ባለሙያ በሙያው ግዴታ ምስጢር ይጠብቃል፤ ለራስዎ ወይም ለሌላ ሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ብቻ ለሚመለከተው ሊያሳውቅ ይችላል፤ ይህንንም አስቀድሞ ሊነግርዎ ይገባል። አብረውዎ የሚቀመጡትን ሰባት ሰዎች የሚያስረው ግን ቃላቸው ነው። ስለዚህ ቡድኑ ሲጀመር ስለ ምስጢር እያንዳንዱ በአንደበቱ ቃል ይገባል፤ ውጭ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጡ ወይም አይለዋወጡ እንደሆነም አብረው ይወስናሉ። አንድ ቡድን፣ «መንገድ ላይ ስንገናኝ ‹የት ነው የምትተዋወቁት› ለሚለን ‹ሎንችና ውስጥ› እንላለን» ብሎ ተስማምቶ ነበር፤ ቀልድ ቢመስልም ለብዙ ወራት አገልግሏቸዋል። እርስዎ ከመግባትዎ በፊት ባለሙያውን ለብቻ ያነጋግሩትና ከመናኸሪያው ወይም ከቅሬዎ (ከዕድርዎ) የሚያውቁዎት ሰው በስም ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ሌላ ቡድን እንዲፈልግልዎ ይጠይቁ። የሌሎቹን ስም ሊነግርዎ አይችልም፤ እርስዎ አብሬው አልቀመጥም የሚሉትን ሰው ግን መጥቀስ ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ብዙ ወንዶች «እኛስ ሁልጊዜ እንሰበሰብ የለም ወይ?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ወሎ ውስጥ ወንድ ብቻውን የሚቀመጥበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በርጫው (የጫት ስብሰባው) አለ፣ ወዳጃው (የጋራ ዱዓው) አለ፣ ጠላ ቤቱ አለ። ዱዓውና ጸሎቱ ያጸናል፤ እኔም ማንንም ከዚያ አላስቀርም። በርጫ ላይ ግን የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ በምርቃና የሆድ በር ወለል ብሎ ይከፈትና ሰው ለነገ ያሰበውን ሁሉ ዛሬ ይናገራል፤ ምርቃናው ሲበርድ የተናገረው ያሳፍረዋል፤ በማግሥቱ ከዚያ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ላለመተያየት መንገድ ይቀይራል። ጫት ራሱ የሚያነቃቃ በመሆኑ ቀድሞውንም የማይተኛውንና የሚደነብረውን ሰው የባሰ ያደርገዋል። በሕክምናው ቡድን የተከፈተውን ነገር ሰዓቱ ከመድረሱ በፊት የሚዘጋ፣ ሰውዬው ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት መረጋጋቱን የሚያይ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ የሚይዝ ኃላፊ አለ።

ሌላው አብዝቼ የማስብበት ጉዳይ «አደጋው አልፏል» የሚለው አባባል ነው። መጻሕፍቱ ሕክምናው የሚጀምረው ሰውዬው ከአደጋ ከወጣ በኋላ ነው ይላሉ፤ የእኛ ክልል ግን ከጦርነቱ ወዲህም በወጉ ፀጥ አላለም፤ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ በሌሊት የሚሰማው ድምፅ ሁልጊዜ የጎማ አይደለም። ስለዚህ ጥንቃቄዎን ሁሉ በሽታ ነው ብለን አንነቅለውም። የምንሠራው መለየትን ነው፤ መንገዱ ስለ መከፈቱ ጠዋት ደውሎ መጠየቅ አስተዋይነት ነው፤ ልጅ ፊኛ ሲያፈነዳ መሬት ላይ መውደቅ ደግሞ ሰውነት ያኔ የተማረውን ዛሬም መደጋገሙ ነው። ከሰባት ሹፌርና ነጋዴ ጋር ተቀምጦ «ይሄኛው የቱ ነው?» መባባል እኔ ብቻዬን ከምነግርዎ ይሻላል፤ እነርሱ መንገዱን ያውቁታላ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ አስቸኳይ ነገር አለብዎት። መሪ ይዘው ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጎማ ቢፈነዳ ምን ይሆናሉ? ይህን ለሐኪምዎ ነግረውት ይሆን? ካልነገሩት በሚቀጥለው ቀጠሮ ከሁሉ አስቀድመው ይንገሩት፤ የሚያስተኛ መድኃኒት ከታዘዘልዎም ሹፌር መሆንዎን ያስታውሱት። በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰሙ ከሆነ፣ ወይም ሞትን መመኘት ከጀመሩ ደግሞ ይህም በቅድሚያ ለብቻዎ መታየት ያለበት ነውና ከመግቢያው ቃለ መጠይቅ አይደብቁት።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ የቡድን ሕክምና ከጀመረ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ከሦስተኛው ቀን ወዲህ ባሰበት፤ ሌሊት ይጮኻል፣ ከልጆቹ ጋር ቀርቦ አይበላም። ምን እንደሚያወሩ ስጠይቀው ‹እዚያ የተነገረ እዚያ ይቀራል› ይለኛል። እኔ ሚስቱ አይደለሁም እንዴ? ጎረቤቴ ደግሞ ‹ያስተኛዋል› ብላ ዲያዜፓም ሰጥታኛለች። ላስቀረው ወይስ ልተወው?» እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ ክኒኑን አይስጡት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለሚመጣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት የዚህ ዓይነት መድኃኒት እንዳይሰጥ ይመክራል፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ሱስ ስለሚያስይዝ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ አይደለም። ከመጠጥ ጋር ከተደባለቀ ደግሞ ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል።

መባሱን በተመለከተ፣ ለዓመታት ታፍኖ የቆየ ነገር ሲነካ ለጥቂት ሳምንታት ቅዠቱና ቁጣው መጨመሩ የተለመደ ነው፤ ብቻውን ሕክምናውን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። መታወቅ ያለበት ግን ለአወያዩ ነው፤ ባለቤትዎ «እቤት እንዲህ ሆንኩ» ብሎ ካልነገረው አወያዩ ደኅና ነው ብሎ ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ «ምን አወራችሁ?» ከማለት ይልቅ «ሌሊት እንደምትጮኽ ነግረሃቸዋል?» ብለው ቢጠይቁት ምስጢሩን ሳይነኩበት ይረዱታል። ዝም ማለቱ ለእርስዎ ንቀት አይደለም፤ ለሌሎቹ ሰዎች የገባውን ቃል መጠበቁ ነው። የራሱን ነገር ግን ለእርስዎ መናገር አልተከለከለም፤ ይህን ልዩነት ሳያስተውለው ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ቀስ ብለው ያስታውሱት። እስከዚያው ከሚቀጥለው ስብሰባ በተመለሰበት ምሽት ቤቱ እንግዳ ባይበዛበት፣ እራቱን ብቻውን መብላት ቢፈልግም ባይከፉበት መልካም ነው። ሌሊት ሲጮኽ አይወዝውዙት፤ ከእግሩ በኩል ራቅ ብለው ቆመው በስሙ ይጥሩት፤ በእንቅልፍ ልቡ እጁን ቢሰነዝር እርስዎ ላይ እንዳያርፍ።

የማይታገሡበት ነገር ደግሞ አለ። በእርስዎ ወይም በልጆቹ ላይ እጁን ካነሣ፣ ስለ መሞት ካወራ፣ ዕቃውን ማከፋፈል ወይም ሰው መሰናበት ከጀመረ የቡድኑን ቀን አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለም ከእሱ በፊት መሣሪያው ይውጣ።

ጥያቄ፦ «በደሴ የአንድ ሰፈር ቅሬ አባት ነኝ። አባሎቻችን ክርስቲያንም እስላምም ናቸው። ከጦርነቱ ወዲህ ጎልማሶቻችን ሲነጫነጩ፣ ሲጠጡ፣ ከሰው ሲርቁ እናያለን። ሆስፒታል ሂዱ ስንላቸው ‹እኔ እብድ ነኝ ወይ?› ይላሉ። ቅሬው ራሱ ሰብስቦ በአንድ ቀን ሁሉም የሆነውን ተናግሮ፣ ተላቅሶ እንዲወጣለት ቢያደርግ ምን ይመስልዎታል?»

መልስ፦ የተከበሩ አባታችን፣ ሐሳብዎ ግማሹ ትልቅ መድኃኒት ነው፤ ግማሹን ግን እንዲተዉት እለምንዎታለሁ። የሚተወው የአንድ ቀኑ ነገር ነው። ሰውን አንድ ጊዜ ሰብስቦ የሆነውን ሁሉ ማናገር በሌላው ዓለምም በሰፊው ተሞክሮ የታሰበውን ጥቅም አላስገኘም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በቅርቡ አደጋ ለደረሰባቸው ሰዎች እንዳይደረግ ይመክራል። ያ ሰው ከስብሰባው ወጥቶ ማታ ብቻውን ሲሆን ማን ይኖራል?

ቅሬው የሚችለው ግን ብዙ ነው። የቡድን ሕክምና ራሱ የተጀመረው ከሌላ ጉዳይ ተነሥቶ ነው፤ በ1905 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ አንድ ሐኪም ድሃ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ስለ ንጽሕናና ስለ ዕረፍት ሊያስተምር ቢሰበስባቸው መሰብሰቡ ራሱ መንፈሳቸውን ሲያነሣው አስተዋለ። እናንተም «የአእምሮ ሕክምና» ብላችሁ አትጥሩ፤ «ስለ እንቅልፍና ስለ ጨጓራ» ብላችሁ ጥሩ። የኛ ሰው ሕመሙን የሚናገረው በሆዱና በራሱ ነው፤ በዚያው በር ይግባ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ አምስት ሳምንታዊ ስብሰባዎች ያሉትና ከስድስት እስከ ስምንት ሰው በሚይዝ ቡድን የሚሰጥ አንድ አሠራር አለ፤ የሚመሩት የጤና ባለሙያ ያልሆኑ፣ ነገር ግን የሠለጠኑና ባለሙያ የሚከታተላቸው ሰዎች ናቸው። የሚያስተምረውም ሰውነትን ማረጋጋት፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታት፣ የተተወውን ሥራ በጥቂቱ መልሶ መጀመርና ከሰው ጋር መገናኘት ነው፤ ታሪክ ማውጣት የለበትም። ከሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጋር ተነጋግራችሁ ከመካከላችሁ ሁለት ሰዎች እንዲሠለጥኑ ጠይቁ። ሰዎቹን ስትመርጡ አንደበተ ርቱዑን ሳይሆን ወሬ የማይቀባበለውን ምረጡ፤ የቅሬው ገንዘብ ያዥ ግን ባይሆን ይሻላል፤ መዋጮ ያጎደለ ሰው ፊቱ ተቀምጦ አፉን አይከፍትም።

ከዚህም ይልቅ አንድ ሆስፒታል ሊያደርገው የማይችል፣ እናንተ ብቻ የምትችሉት ነገር አለ። በነዚያ ሳምንታት የሞቱ ብዙ ሰዎች በወጉ አልተቀበሩም፤ ለቅሶ አልተቀመጠላቸውም፤ ወንድሙን በጓሮ በሌሊት ቀብሮ አፈሩን በእግሩ ደልድሎ የተሸሸገ ሰው ስንቱ ነው። ያ ሰው ያለቀሰው ለቅሶ የለም። ተዝካርም ሆነ ሰደቃ፣ በየሃይማኖቱ አባቶች መሪነት ዘግይቶም ቢሆን ቢደረግና ቅሬው ድንኳኑን ዘርግቶ እንደ ወጉ ቢቀመጥ፣ ከቡድኑ ብዙ ሰዓት የሚያድን ይመስለኛል። ይህ ግን ቤተሰቡ ሲጠይቅ እንጂ ቅሬው ቀን ቆርጦ የሚያውጀው አይሁን።

ለቡድኑ ስብሰባ ሰኞ ገበያ ነውና አይያዝ፤ ዓርብ ቀትርና እሑድ ጠዋትም እንደዚሁ። ቦታውን በተመለከተ ድንኳኑን ለለቅሶው ተዉት፤ ወንድሙን ሳያለቅስለት የቀረ ሰው ከሥሩ ተቀምጦ ስለ እንቅልፍ መነጋገር አይሆንለትም። ከሰዓት ነፃ የሚሆን የትምህርት ቤት ክፍል ቢገኝ በቂ ነው፤ ወንበሮቹ በክብ ይደርደሩ፤ ከበሩ አጠገብ አንዱን ወንበር ትርፍ አድርጉ፤ በሩም በንፋስ እንዳይላተም ሥሩ ድንጋይ ይደረግበት።